የሚሸተው ድንጋይ

ባለፈው ዓርብ ከአቡ ሐሊፋ ወደ ኩዌት ሲቲ በሚሄደው አውቶቡስ ከፊቴ የተቀመጠች አንዲት የአገሬ ልጅ ከቦርሳዋ የተቀቀለ እንቁላል አውጥታ መላጥ ጀመረች። እንቁላሉ ሳይከርም አልቀረም። ሁለት ፌርማታ ሳንሄድ ሽታው አውቶቡሱን ሞላው። አንድ ግብፃዊ ሰውዬ ከላይ ያለችውን ትንሿን መስኮት ለመክፈት ይታገላል፤ ሁለት ፊሊፒናውያን ሴቶች ያንን ሁላችንም የረሳነውን ማስክ ከቦርሳቸው ፈልገው አደረጉ። እኔ ደግሞ ወደ ፊት ጎንበስ ብዬ አየሩን በደንብ ሳብኩት። ልጅቱ ዞር ብላ አየችኝና እንቁላሉን በፌስታል ለመደበቅ ተጣደፈች። «ይቅርታ እማማ፤ ማዳም ጠዋት የሰጠችኝ ነው፣ የቆየ አልመሰለኝም» አለችኝ። «መብላቱን ተይው እንጂ አትደብቂው» አልኳት። እስክንወርድ ድረስ ዞር እያለች ስታየኝ ነበር፤ አሮጊቷ ለይቶላታል ብላ ይሆናል። አልፈርድባትም። ለሰው ሁሉ የሚከረፋው ያ ሽታ ለእኔ ምን እንደሆነ በሁለት ፌርማታ ተነግሮ አያልቅም።

ነገሩን ከሥሩ ለመናገር ያ ወረርሽኝ ከመምጣቱ በፊት ወደነበረችው ኩዌት መመለስ አለብኝ። ያኔ ከኸይጣን መሃል ከተማ ድረስ አውቶቡስ ሩብ ዲናር ነበር። አንድ ከረጢት ትኩስ የኩብስ ዳቦ በሃምሳ ፍልስ ይገዛል፤ ወተት የበዛበት ሻይ መቶ ፍልስ። ዓርብ ፈቃድ ያገኘን ሴቶች ኸይጣን ውስጥ በጋራ የተከራየናት አንዲት ክፍል ነበረችን፤ ቁልፏ ብርቄ ዘንድ ይቀመጣል። ብርቄ የደብረ ታቦር ልጅ ናት፤ ቢሮ ታጸዳለች፣ እንደ እኛ ሰው ቤት አታድርም፤ ስለዚህ የክፍሏ ባለቤት እሷ ናት ማለት ይቻላል። እሷ ክርስቲያን፣ እኔ የወሎ እስላም፤ የእሷ ጾም ሲፈታ የእኔ እየያዘ፣ አንድ ላይ ሥጋ የምንበላበትን ቀን ካላንደር ላይ ስንፈልግ እንስቅ ነበር። ከዚያ ለባብሰን ሚርጋብ ገበያ እንወርዳለን። ደረቱ ላይ የብር ክር የተጠለፈበት ጀላቢያ በሦስት ዲናር ተኩል ገዝቼ ዓርብ ብቻ የምለብሰው ነበረኝ። ከስልክ መጠገኛዎቹ ጥግ አንዲት የሐይቅ ሴት በሻንጣ በርበሬ ትሸጣለች፤ ከጎኗ ካለው ሱቅ መንዙማ ይለቀቃል፤ የበርበሬው ሽታና የመንዙማው ድምፅ አንድ ላይ ደረቴ ላይ ያርፉ ነበር። ዛሬ ያ ጥግ የሽቶ መደብር ሆኗል። ሴትየዋም አገሯ ገባች ይሉኛል።

የምሠራው ቃድሲያ፣ ባባ ያዕቁብ ቤት ነበር። ባባ ያዕቁብ ሰማንያ ዓመት የሞላቸው፣ ቀጭን፣ ጉልበታቸው የከዳቸው፣ ድምፃቸው ግን ያልከዳቸው ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ስለ ድንጋይ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ሚስታቸው እኔ እዚያ ቤት ገብቼ ስድስት ዓመት ካገለገልኳቸው በኋላ ነው የሞቱት፤ ከዚያ ወዲህ ቤቱን የምታዘው ልጃቸው ማዳም ዳላል ናት። ማዳም ዳላል ክፉ አይደለችም፤ ፈሪ ናት። የሚፈራ ሰው ደግሞ ብዙ ያዛል። ሳሎኑ ውስጥ በመስታወት በር የተዘጋ ቁም ሣጥን አለ፤ ሌላ ሰው የወርቅ ፍንጃል የሚደረድርበት ቦታ ላይ ባባ ድንጋይ ደርድረዋል። በየሳምንቱ ቅዳሜ አቧራቸውን እጠርጋለሁ። ከሁሉም መሃል አንዱን እወደው ነበር። መጠኑ አንድ ዳቦ ያህላል፤ ሲያነሡት ግን የሁለት ዓመት ሕፃን ያህል ይከብዳል። ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ እንደ አዲስ ቢላዋ የሚያብለጨልጭ፣ በመሃላቸው የተቃጠለ ስኳር የመሰለ ቡናማ መስመር የሚሄድበት ነው። አንድ ቀን ባባ ሳየው አግኝተውኝ፣ «ይህን አታውቂውም? ዐይንሽ ላይ አለ እኮ» አሉኝ። ኩል ነበር። እናቴ ሐጅ የሄዱ ሰዎች ያመጡላትን እየቆጠበች በክብሪት እንጨት የምትኳለው፣ እኔም ለዓርብ የምኳለው ኩል ከእንዲህ ዓይነቱ የእርሳስ ድንጋይ ተፈጭቶ ነው የሚወጣው። «መርዝም ነው፤ ተይው» አሉኝ ቀጥለው። ከዚያ በኋላ አልተኳልኩም፤ ድንጋዩን ግን ይበልጥ ወደድኩት።

ከዚያ በሽታው መጣ። አገሩ ተዘጋ፤ አውሮፕላን ቆመ። አንድ ቀን ለዙህር ሙአዚኑ «ወደ ሶላት ኑ» በሚልበት ቦታ «በየቤታችሁ ስገዱ» ሲል ሰማሁና እጄ የያዘውን ሳህን አስቀምጬ ኩሽና ውስጥ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። በዕድሜዬ እንዲያ ያለ አዛን ሰምቼ አላውቅም፤ ዓለም ያለቀች መስሎኝ አለቀስኩ። ኸይጣንም በፖሊስ ተከበበች፤ ብርቄ ከክፍላችን መውጣት አቃታትና በስልክ ብቻ ሆንን። ማዳም ዳላል ደግሞ ቤቱን ሁሉ በአቼቶና ክሎሮክስ በሚሉት በረኪና ማሳጠብ ያዘች። ሽንኩርቱ ይታጠባል፤ የኩብሱ ከረጢት ይታጠባል፤ የመኪናው ቁልፍ ይታጠባል፤ አንድ ቀን ሎሚ በሎሚ አሳጠበችኝ። ማንቆርቆሪያው ነጭ ቅርፊት ሲይዝ አቼቶ አፍልቼ ቅርፊቱን ማስለቀቅ የቆየ ሙያዬ ነው፤ በእነዚያ ወራት ግን ቤቱ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ማንቆርቆሪያ መሰለኝ።

ስህተቱም ከዚህ የመጣ ነው። ዒድ ካለፈ በኋላ፣ አንድ ጠዋት ማዳም «የአባቴን ቁም ሣጥን በደንብ አጽጂ፤ በየቀኑ እየነካካው ነው» አለችኝ። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እያወጣሁ ስወለውል ያ የምወደው እጄ ላይ ደረሰ። እንግዲህ ሠላሳ ዓመት የሰው ቤት ያጸዳች ሴት ዐይን ምን እንደሚያይ ልንገራችሁ፦ የሚያብለጨልጭ ዕቃ ላይ ነጭ ነገር ካለ፣ ነጩ ቆሻሻ ነው። ስንት ዓመት እያየሁት ያልታየኝ ያን ቀን ታየኝ። የማንቆርቆሪያ ቅርፊት ነው፣ ከሥሩ ያለው ብር የመሰለው ነገር ሁሉ ተሸፍኖ ነው የኖረው አልኩ። አቼቶው አልቋል፤ የሰፈሩ ሱቅ፣ ጀምዒያው፣ ደግሞ ያለ ቀጠሮ አያስገባም። ስለዚህ ድንጋዩን ወደ ጓሮ ወስጄ በላስቲክ ባልዲ ውስጥ አስቀመጥኩና የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ አፈሰስኩበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ አፍስሼ ገና አልለቀምኩም ነበር። ነጩ እንደ ሳሙና አረፋ ይፈላ ጀመር። ደስ አለኝ። ባልዲው ላይ ጎንበስ ብዬ ሲፈላ አየሁት።

የባባ ድምፅ ከሳሎን መጣ። «ሰዓዳ! ምንድን ነው የሚሸተው?»

«የሚሸት ነገር የለም፣ ባባ» አልኩ።

ማዳም ዳላልም ከፎቅ «የፍሳሹ ጉድጓድ ፈነዳ እንዴ? እንቁላል እንቁላል ይላል» እያለች መስኮቶቹን ትከፋፍታለች። ባባ በከዘራቸው ቀስ እያሉ ጓሮ ድረስ መጡ። ወደ ባልዲው ተመለከቱ። ድንጋያቸውን አወቁት። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁና ሥራዬ አለቀ፣ ዛሬ መንገድ ላይ ነኝ አልኩ። ወዴት እሄዳለሁ? ኸይጣን ተከባለች፤ አውሮፕላን የለም። ባባ ግን ስለ ድንጋዩ አንድ ቃል አልተናገሩም። ዞረው እኔን ማየት ጀመሩ።

«ይህ ሁሉ ሽታ አይሸትሽም?»

«ምንም፣ ወላሂ።»

«ያን የክሎሮክስ ጠርሙስ ክፈቺና አሽቺው።»

አሸተትኩት። ውሃ ነው። «ሽንኩርቱንስ?» አሉኝ። ከቅርጫቱ አንድ ሽንኩርት አንስቼ ለሁለት ሰነጠቅኩት፤ ዐይኔ አለቀሰ፣ አፍንጫዬ ግን ምንም አላወቀም። ባባ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። ያቺን ሁለት እርምጃ እስከ ዛሬ አልረሳትም። ተጠየፉኝ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ቀጥሎ ነው ነገሩ የገባኝ። ያን ሰሞን የበሽታው አንዱ ምልክት ሽታ ማጣት እንደሆነ ሁሉም ያወራ ነበር። በዚያ ጠዋት የባባን ቁርስ ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ ጉልበታቸውን ቅባት ያሸሁት እኔ ነኝ።

ማዳም ዳላል ጮኸች። «ዛሬውኑ መክተቡ መጥቶ ይውሰዳት! አባቴን ልትገድልብኝ ነው?» አለች። መክተብ የምትለው እኔን ያስቀጠረኝን ቢሮ ነው። እሷ ባትለውም እኔ ራሴን ያንኑ እያልኩት ነበር። ባባ ግን ከጓሮው በር ላይ ሳይንቀሳቀሱ፣ «ከዚህ ቤት ታማ የምትወጣ ሰው የለችም። እናትሽን ስድስት ዓመት ያጠበቻት ማን ናት? ጣሪያ ላይ ያለው ክፍሏ በቂ ነው፣ እዚያ ትቀመጥ» አሉ። ማዳም አለቀሰች፤ ሆኖም ታዘዘች። የጤና ሰዎች መጥተው ከአፍንጫዬ ናሙና ወሰዱ፤ በሽታው እንዳለብኝ ተረጋገጠ። ለይታችሁ አቆዩአት አሉ። እኔም መስገጃ ሰጅዳዬንና ስልኬን ይዤ ጣሪያ ወጣሁ።

ማዳም ፈሪ መሆኗ ያን ጊዜ ጠቀመን። ደረጃውን ላለመርገጥ ከጣሪያው ጠርዝ እስከ ግቢው ባልዲ በገመድ አስወረደችኝ። ምግቡ በባልዲ ይወጣል፤ ሳህኑ በባልዲ ይወርዳል። ትኩሳቱ አራት ቀን ያዘኝ። የሚያስጨንቀኝ ግን የእኔ ትኩሳት አልነበረም። ከታች የሚመጣ ሳል እጠብቅ ነበር። በር በተዘጋ ቁጥር፣ ወንበር በተጎተተ ቁጥር ጆሮዬ ይቆማል። ብርቄ ከኸይጣን እየደወለች «ዝንጅብል ጠጪ፣ ነጭ ሽንኩርት ብይ» ትለኛለች። «ብርቄ፣ ሽማግሌውን ገድያቸው ይሆናል» አልኳት። «እግዜር እንደ ሰው አይደለም፤ ተይ እንዲህ አትበይ» አለችኝ። ከዚያ ሁለታችንም በስልኩ ላይ አለቀስን።

በአምስተኛው ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ «ሰዓዳ!» የሚል ድምፅ ከግቢው ሰማሁ። ወደ ጠርዙ ሮጥኩ። ባባ ከቁርቁራው ዛፍ ሥር የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ማስካቸው አገጫቸው ላይ ነው፤ ከዘራቸው ጉልበታቸው ላይ። በዚያ ሰዓት ሰው እንዲንሸራሸር ይፈቀድ ስለነበር ከአጥሩ ውጭ የጎረቤት ቤተሰቦች ቀስ እያሉ ይሄዳሉ። እኔ ከሁለት ፎቅ በላይ፣ ባባ ከታች ነን፤ ድምፃቸው ግን የአስተማሪ ነው፤ ሰፈሩን ያዳርሳል።

«ማንቆርቆሪያው ውስጥ ያለው ነጭ ቅርፊት ከየት ይመጣል?»

ከሰላምታ በፊት የመጣ ጥያቄ ነው። «ከውሃው ነዋ፣ ባባ።»

«ውሃው ውስጥ ይታይሻል?»

«አይታየኝም።»

«እንግዲያው ውሃ የማይታይ ድንጋይ ተሸክሞ ይሄዳል ማለት ነው። ይህን ከያዝሽ ግማሹን ትምህርት ጨርሰሻል።»

እንዲህ ነው የጀመርነው። በየቀኑ ከዐስር በኋላ እየወጡ ያስተምሩኛል፤ እኔም ከጣሪያው ተንጠልጥዬ እሰማለሁ። ሳል አለ ወይስ የለም ብዬ ለማዳመጥ ነበር የጀመርኩት፤ ሁለተኛው ቀን ላይ ግን ራሴን ረስቼ ትምህርቱን እጠብቅ ጀመር። ሰው የሚቆጥረው ዘመን ከመጀመሩ በፊት አንድ ሙቅ ባሕር ነበር አሉኝ። የባሕሩ ፍጥረቶች ሞተው ቅርፊታቸው ከሥር እየተከመረ፣ እየተጫነ፣ ነጭ የኖራ ድንጋይ ሆነ። ከእሱ ርቆ ሌላ ቦታ ጥልቅ አሸዋና ጭቃ ውስጥ ደግሞ የተቀበረ የባሕር ውሃ አለ፤ ከላይ የሚጫነው ምድር ሲከብድበት ይሞቃል፣ ይጨመቃል፣ መሄጃ ይፈልጋል። ከእኛ ባሕር እጅግ የበለጠ ጨዋማ ነው። ጨዋማ ስለሆነም ካለፈበት አሸዋና ጭቃ ሁሉ ኢምንት ኢምንት እርሳስና ዚንክ እየለቀመ ይሄዳል። «ጨው ባይኖረው አይሸከምም ነበር» አሉኝ። «አንድ ጭልፋ ቢሰጡሽ ውስጡ ብረት መኖሩን አታውቂም። ግን ከዚህ እስከ በስራ ከተማ፣ ከዚያም ወዲያ ይጓዛል፤ አይቸኩልም።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል በእኛ አገር» አልኳቸው። በዓረብኛ ስተረጉመው ባባ ከዘራቸው እስኪወድቅ ሳቁ። እኔ ደግሞ በሳቃቸው ውስጥ ሳል ፈለግኩ። አልነበረም።

በማግስቱ ቀጠሉ። ያ ውሃ የምድር ስንጥቅ ያገኝና ወደ ላይ ይወጣል፤ የኖራ ድንጋዩ ውስጥ ይገባል። እዚያ የሚጠብቀው ነገር አለ፦ ድኝ ያለበት ጋዝ፣ ያ የእንቁላል ሽታ። ከጥንት ከሞተው የባሕር ነገር የሚወጣ ነው፤ የነዳጅ ጉድጓድ ላይ የሚሠሩ ሰዎች የሚፈሩት ያው ጋዝ ነው። እርሳሱና ድኙ ሲገናኙ ይያያዛሉ፤ ከዚያ ወዲህ ውሃው ሊሸከማቸው አይችልም፤ እዚያው ይጥላቸዋል። እነሱ ሲያያዙ ደግሞ ውሃው ይኮመጥጣል። የኮመጠጠ ውሃ የኖራ ድንጋይን ምን እንደሚያደርገው እኔን መጠየቅ አያስፈልግም፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ይበላዋል። በተበላው ቦታ ላይ ሌላ ብረት ይቀመጣል፤ ተጨማሪ ውሃ ይገባል፤ እንደገና ይበላል፤ እንደገና ይቀመጣል።

«ለምን የኖራ ድንጋይ ውስጥ ብቻ?» ብዬ ጮኽኩ።

«ብቻ አይደለም፤ ግን ሌላው ደረቅ ነው፣ እንዲህ በቀላሉ አያስገባም። የኖራ ድንጋይ ሲነኩት ቦታ ይለቃል። በመጻሕፍታችን ስሙ አስተናጋጅ ድንጋይ ነው።» ከዚያ፣ «አየሽ ሰዓዳ፣ ይህን ለተማሪዎች አርባ ዓመት ሳስተምር በጠመኔ እየሳልኩ ነው። በባልዲ የሠራሽው ግን አንቺ ብቻ ነሽ» አሉኝ።

ሱብሃነላህ። ራሴን ይዤ ቆምኩ። ዐይኔ ላይ የነበረው ኩል ስንት ምድር ሲያቋርጥ ኖሯል? እናቴ በክብሪት እንጨት ጫፍ የምታነሳው ያ ጥቁር ብናኝ፣ ባሕር የሞተበት፣ ውሃ የተሰደደበት፣ ድንጋይ ቦታ የለቀቀበት ነው። ያ ሁሉ ሲሆን ሰው የለ፣ ማዳም የለ፣ በሽታ የለ። ያን ማታ ሶላቴን ስሰግድ ግንባሬ መሬት ሲነካ ከሥሬ ያለው ሁሉ የሚሄድ፣ የሚሸከም፣ የሚያስቀምጥ መስሎ ተሰማኝ። ፍርሃቴ አልጠፋም፤ ሰፊ ቦታ ውስጥ ገባ እንጂ።

በዘጠነኛው ቀን ማዳም ዳላል ምግቤን ባልዲው ውስጥ እያስቀመጠች ቀና ብላ አየችኝ። ያን ቀን ቁጣ አልነበረባትም። «ያ ድንጋይ ነጩ በኩል ጽሑፍ ነበረበት» አለችኝ። «የእናቴ እጅ ጽሑፍ ነው። አብረው ከተማሩበት አገር ተራራ ላይ ያነሡት ዕለት የጻፈችው። አባቴ እንዳይከፋሽ ብሎ ነው ዝም ያለው።» ያቺ ትንሽ ቀለም፣ አቧራ ስጠርግ ሳያት የኖርኩት፣ ማንበብ ስለማልችል የቆሻሻ ጠብታ መስላኝ የነበረችው! ምግቡን አልበላሁትም። ከዐስር በኋላ ባባ ሲወጡ ጠርዙ ላይ ተንበርክኬ ጠበቅኳቸው። «ባባ፣ የማማን ጽሑፍ አጠፋሁት። አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ» አልኩ። ድምፄ ሰፈሩን አዳረሰ፤ ከአጥር ውጭ የሚሄዱት ሰዎች ቆሙ።

ባባ ቀና ብለው አዩኝ። ጉልበታቸው ላይ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አለ። ተነሥተው ባልዲው ውስጥ አስቀመጡትና «ሳቢ» አሉኝ። ሳብኩ። ክብደቱን እጄ አወቀው። ፎጣውን ስገልጠው ድንጋዩ ነው፤ ነጩ ግማሹ ተበልቶ ሄዷል፤ በተበላበት ቦታ ግን አንድ ጉድጓድ ተከፍቷል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ከመስታወት የተሠሩ ቁራጭ ስኳሮች የሚመስሉ ባለ አራት ማዕዘን ነገሮች ተደርድረዋል። ማንም አልጠረባቸውም። ጠርዛቸው የቢላዋ ነው። ፀሐይዋ ስታርፍባቸው ብርሃኑ ፊቴን መታው።

«ሃምሳ ዓመት ቤቴ ሲቀመጥ ይህ ውስጡ እንዳለ አላውቅም ነበር» አሉኝ ባባ። «እሷም አላየችውም። ጽሑፏን ቃል በቃል አውቀዋለሁ፣ ከራሴ አይጠፋም። ይህን ግን አንቺ ባትሳሳቺ ኖሮ ሳላየው እሞት ነበር።» ቀጥለው፣ «በባልዲው ውስጥ ትንሽ የአሲድ ጠርሙስና ምስማር አለ። ቡናማው ዚንክና ድኝ የተያያዙበት ነው፤ ጫሪውና አንድ ጠብታ ጣዪበት። ይሸትሻል?» አሉኝ። ጫርኩ፤ ጠብታ ጣልኩ፤ አሸተትኩ። የለም። «ይመጣል» አሉ። «ያም ብረት ረጅም መንገድ ነው የመጣው።»

ባባ ያዕቁብ አልታመሙም። በአሥራ አምስተኛው ቀን ከጣሪያ ስወርድ ምርመራዬም የእነሱም ነጻ ነበር፤ ማዳም ዳላል በሩ ላይ ቆማ ጀላቢያዬን ከእጄ ተቀብላ ራሷ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ከተተችው። ሽታዬ ግን አልተመለሰም። ወጥ በዐይኔ እየለካሁ እሠራለሁ፤ ወተት መበላሸቱን ማዳምን አሸትታ እንድትነግረኝ እጠይቃለሁ። ዓርብ ዓርብ፣ ከጁምዓ በፊት፣ ባባ ዛፉ ሥር ይቀመጡና «አምጪው» ይላሉ። እጫራለሁ፤ አንድ ጠብታ እጥላለሁ፤ እሳቸው ፊታቸውን ጨምደድ አድርገው ያዩኛል። «እ?» «የለም፣ ባባ።» «ይመጣል።» ኸይጣን ተከፈተች፤ አውቶቡሱ እንደገና መሄድ ጀመረ፤ ብርቄና እኔ በክፍላችን በር ላይ ተቃቅፈን አለቀስን። ማስክ በሱቁ ሁሉ ረከሰ። ዓርቡ እየተደጋገመ ዓመት አለፈው። ሁልጊዜ «የለም» ማለት ሲያሳፍረኝ አንድ ቀን ልዋሻቸው አሰብኩ፤ ፊታቸውን ሳየው አልቻልኩም።

በሁለተኛው የብርድ ወራት፣ በአንድ ሰኞ ጠዋት ባባ ከእንቅልፋቸው አልተነሡም። በሽታው አልነበረም፤ ልባቸው ነው አሉ። ለቅሶው ካለፈ በኋላ ማዳም ዳላል ድንጋዮቹን ለአንድ ትምህርት ቤት ልትሰጥ ወሰነችና እንድጠቀልላቸው አዘዘችኝ። ቀኑ ዓርብ ነበር። የመጨረሻው ላይ ያ ድንጋይ እጄ ሲገባ መጠቅለል አቃተኝ። ወደ ግቢ ይዤው ወጣሁ። ወንበራቸው ዛፉ ሥር እንዳለ ነው፤ የቁርቁራ ፍሬ ወድቆበታል። ልማድ ነውና መሬት ላይ ተቀምጬ ቡናማውን ጫርኩ፤ አንዲት ጠብታ ጣልኩ።

በመጀመሪያ የሆነ ነገር አፍንጫዬን እንደ ጣት ነካው። ከዚያ ገባ። የከረፋ፣ የበሰበሰ፣ የሚያስነጥስ የእንቁላል ሽታ ነው። ወደ ኋላ ቀረት ብዬ እንደገና ሳብኩት። ነበር። ቀና ብዬ ወንበሩን አየሁትና «ባባ፣ መጣ» አልኩ። «ባባ፣ ሸተተኝ።»

ማዳም ዳላል ከኩሽናው መስኮት፣ «ሰዓዳ! ምንድን ነው የሚሸተው?» ብላ ጮኸች። የአባቷ ድምፅ፣ የአባቷ ቃል ነበር። መልስ ስታጣ ወጣች፤ ልትቆጣ ነበር የወጣችው። ጠርሙሱን፣ ድንጋዩን፣ ፊቴን አየች። በጣቴ አፍንጫዬን አሳየኋትና በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። ያቺ ሎሚ በሎሚ ያሳጠበችኝ ሴት ጥቁር ልብሷን ለብሳ አቧራው ላይ ከጎኔ ቁጭ አለች። «ጣዪበት» አለችኝ። ሌላ ጠብታ ጣልኩ። ያን ክርፋት ሁለታችንም እያለቀስን ሳብነው። ድንጋዩን ሣጥኑ ውስጥ አላስገባችውም፤ እጄ ላይ ተወችው።

ዛሬ ያ ድንጋይ አቡ ሐሊፋ፣ ከብርቄ ጋር በምኖርባት ክፍል መስኮት ላይ ተቀምጧል። ዓርብ ጠዋት አንዲት ጠብታ እጥልበታለሁ። ብርቄ ከአልጋዋ ሆና ብርድ ልብሱን ፊቷ ላይ እየሳበች፣ «ሰዓዳ፣ ይሸታል!» ትለኛለች።

«አልሐምዱሊላህ» እላታለሁ።